ሚኒስትሩ ይቀለድበታል፣ ንጉሡስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሮተርዳም ነው። እዚህ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፖለቲካ ካርቱኖች ይሸጣሉ። ሚኒስትሮቹ እንደ ልብ ይቀለድባቸዋል። በንጉሡ ላይ ግን እንዲያ ሲቀለድ አላየሁም። ፈርተው ነው? ደግሞስ አንዱን ብገዛ የዘመኑ ኅትመት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ዓይንዎ ጥሩ ነው። ፍርሃት ነበር፤ ከፍርሃቱ በፊት ግን ሕጉ አለ። በ1848 የተሻሻለው የኔዘርላንድ ሕገ መንግሥት ንጉሡን አይነኬ፣ ሚኒስትሮቹን ተጠያቂ አደረገ። ለመንግሥት ሥራ መልስ የሚሰጠው ሚኒስትሩ ከሆነ፣ ሠዓሊውም የሚይዘው እሱን ነው። በዘ ሄግ ሽሚት ክራንስ፣ ኋላም በአምስተርዳም ዮሃን ብራከንሲክ ኑሯቸው ይኸው ነበር።

ንጉሡን መንካት ዋጋ ያስከፍል ነበር። የሶሻሊስቶቹ መሪ ዶሜላ ኒዩወንሃውስ በጋዜጣው ላይ ንጉሡን ዊለም 3ኛን የሚነቅፍ ጽሑፍ በመውጣቱ አንድ ዓመት ተፈርዶበት በ1887 ወኅኒ ወረደ። በዚያው ዓመት ንጉሡን «ጎሪላ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ወጣ። የደራሲው ስም አልነበረበትም። እኔ ይህን ድፍረት አከብራለሁ፤ ስም መደበቁንም አልነቅፍም።

ሌላው ማነቆ ገንዘብ ነበር። እስከ 1869 ድረስ ጋዜጣ በወረቀቱ ስፋት ልክ የቴምብር ቀረጥ ይከፍል ነበር። ቀረጡ ሲነሣ ጋዜጣ ረከሰ፤ አንባቢም በዛ።

ወደ ግዢው እንምጣ። የዘመኑ ካርቱኖች ብዙዎቹ የድንጋይ ኅትመት፣ ማለትም ሊቶግራፊ ናቸው። ሠዓሊው ገጹ በተስተካከለ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሥላል። ድንጋዩ ውኃ ይቀባል፤ ቀለሙ ውኃውን ትቶ ቅባቱን ብቻ ይይዛል። ቀጥታ ድንጋዩ ላይ ከሠራ ምስሉም ጽሑፉም በግልባጭ ነው የሚሠራው። ከሥር ያለችውን አንዲት መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ሳይሳሳት መጻፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ስለዚህ አጉሊ መነጽር ይዘው ይሂዱ። ጥላው ያለበትን ቦታ፣ ኮት ወይም ጢም ይዩ። እርሳስ ሻካራ ወረቀት ላይ ሲሄድ እንደሚተወው ያለ የተበታተነ ሸካራ ፍርፋሪ ካዩ ጥሩ ምልክት ነው። ነጥቦቹ በእኩል ርቀት ተሰልፈው ካገኟቸው ግን ከፎቶ የተባዛ ነው፤ ብዙ ገንዘብ አይስጡበት።