ስሙን ሸፍኜ ነበር፤ እንዴት ታወቀ?

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ መካከለኛ ክሊኒክ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የአንድ ታካሚ የእግር ቁስል አስቸግሮኝ ፎቶውን «የ34 ዓመት የባጃጅ ሾፌር፣ ትናንት ማታ ተገልብጦ» ብዬ ሐኪሞች ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁ። ፊትም ስምም የለበትም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ ያንኑ ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። እናቶችም ማታ ማታ ስለ ልጆቻቸው በቴሌግራም ይጠይቁኛል። መመለሱስ ያስጠይቀኝ ይሆን?

መልስ፦ ሰውየውን ያሳወቀው ከፎቶው ሥር የጻፉት መስመር ነው። ባጃጅ ተራውና ኮንዶሚኒየሙ በሚተዋወቁበት ሰፈር ትናንት ማታ የተገለበጠው ባጃጅ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለምክክሩ «በ30ዎቹ ያለ ወንድ፣ የተሽከርካሪ አደጋ፣ ስኳር የለበትም» ይበቃል። ሥራውና ሰፈሩ ለቁስሉ ምንም አይጨምሩም፤ ከቀኑ ይልቅም ቁስሉ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይጻፉ።

ፎቶ ሲያነሱ ዙሪያውን በጨርቅ ሸፍነው ቁስሉን ብቻ ያስቀሩ። ንቅሳት፣ ጫማ፣ የክሊኒኩ ስም ያለበት አንሶላ ሁሉ ያሳብቃል። የራጅ ፊልም ጥግ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር ስላለ ጥጉን ቆርጠው ያውጡት፤ በስልኩ ማድመቂያ የተቀባ ጽሑፍ ብርሃኑ ሲጨመር መልሶ ሊነበብ ይችላል። በቴሌግራም «ፋይል» ተደርጎ የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓት፣ ሎኬሽን በርቶ ከነበረም ቦታውን ይዞ ይሄዳል።

ፈቃዱ በጽሑፍና ከሕክምናው ፈቃድ የተለየ ይሁን፦ ምን እንደሚላክ፣ ለማን፣ ለምን፣ እምቢ ቢልም ሕክምናው እንደማይጓደልበት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል።

አሁን መልእክቱን ለሁሉም ይሰርዙት። ወደ ሌላ ሰው የተላለፈው ቅጂ ግን ስለማይመለስ ለታካሚው ዛሬውኑ በአካል ይንገሩት፤ ከጎረቤት መስማቱ የበለጠ ይጎዳዋል። ለክሊኒኩ ኃላፊም ያሳውቁ። በፌስቡክም ሆነ በግሩፑ ማስተባበያ አይጻፉ፤ «እኔ ያከምኩት» ማለትዎ ብቻ ሌላ ምስጢር ማውጣት ነው።

የእናቶቹን ጥያቄ በተመለከተ፣ መጠን በመልእክት አይዘዙ። የፓራሲታሞል አንድ ጊዜ መጠን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ማለት ነው። እርስዎ «5 ሚሊ ስጪው» ሲሉ ያሰቡት በ5 ሚሊ 120 ሚሊግራም የያዘውን ሽሮፕ ነው። እናትየው ቤት ያለው በ1 ሚሊ 100 ሚሊግራም የያዘው ጠብታ ከሆነ ልጁ 500 ይወስዳል፤ ከሚገባው ከአራት እጥፍ በላይ! ካርዱ ላይም የተጻፈ ነገር ስለሌለ ምን እንደጠየቁና ምን እንደመለሱ ማሳያ አይኖርዎትም።

ዝም ማለትም አይገባም፤ ማታ ከቱሉ ዲምቱ መኪና ማግኘት ለእናት ከባድ ነው። ይህን አዘጋጅተው ያስቀምጡ፦ «በመልእክት መድኃኒት አላዝም። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።» ከሥሩ 24 ሰዓት የሚሠራውን ቅርብ ተቋም ስም ይጨምሩበት።