የመምህርና የተማሪ አንጎል እንዴት ይናበባል? ጥያቄና መልስ

ሰው ሲማር አንጎሉ ከአስተማሪው አንጎል ጋር ይናበባል ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ስመዘግብ ዓመታት አልፈዋልና በደስታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሞገድ ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው ይሻገራል ማለት ነው?

አይሻገርም። የአንጎል ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ነው፤ ኢኢጂ የሚባለው መሣሪያ እንኳ የሚያነበው ራስ ላይ ተለጥፎ ነው። የሚሻገረው የመምህሩ ድምፅ፣ የዐይኑ እይታና የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ንግግር ምት አለው፤ የሚያዳምጥ አንጎል ያን ምት ይከተላል። የሁለቱን ሰዎች መዝገብ ጎን ለጎን ስናስተያይ መውጣት መውረዳቸው ይመሳሰላል። መናበብ የምንለው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንድ ድምፅ የሰማ ሁሉ ይመሳሰላል። ከመማር ጋር ምን አገናኘው?

ይህ ጥያቄ የጉዳዩ ልብ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪው የእነ ኡሪ ሃሰን ቡድን አንዲት ተራኪ የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው ኤምአርአይ በሚባል መሣሪያ ውስጥ ሆና የራሷን ገጠመኝ ስታወራ አንጎሏን መዘገበ። ቅጂውን የሰሙት አድማጮች አንጎል በጥቂቱ ዘግየት እያለ የእርሷን ተከተለ። ታሪክ በሩሲያኛ ሲነገራቸው ግን ቋንቋውን የማያውቁት አድማጮች መናበቡ ጠፋባቸው። ድምፁ ጆሯቸው ገብቷል፤ ነገሩ አልገባቸውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሌላው ግኝት ነው። በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች አድማጩ ከተራኪዋ ይቀድማል፤ ይህ ቀዳሚነት ጎልቶ የታየባቸው ሰዎች ታሪኩን ይበልጥ ተረድተዋል። መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ማሠሪያውን በከንፈሯ የምታንሾካሹክ ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀድማ የምትሄደው አድማጭ እርሷ ናት።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ። በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ተለክቶ ያውቃል?

አዎ። በ2017 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 12 ተማሪዎች አንድ የትምህርት ወቅት ሙሉ ኢኢጂ እያደረጉ ተምረዋል። በትምህርቱ ይበልጥ በተመሰጡ ቁጥር እርስ በርስ መናበባቸው ጨምሯል። ከክፍል በፊት ለሁለት ደቂቃ ፊት ለፊት ተያይተው ከዚያ ጎን ለጎን የተቀመጡት ደግሞ ከሁሉም በልጠው ተናበቡ።

በ2019 የወጣው ጥናት መምህሩንም ጨመረ። መምህሩን የሚቀርቡ ተማሪዎች በገለጻ ጊዜ ይበልጥ ከእርሱ ጋር ተናበቡ። ነገር ግን እዚህ ላይ በቅንነት መናገር አለብኝ፤ ትምህርቱን ማስታወሳቸው የተያያዘው ከመቅረባቸው ጋር እንጂ ከመናበቡ ጋር አልነበረም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ለፈተና ውጤት አይጠቅምም?

አይደለም፤ አለካኩ ወሳኝ ነው። በ2023 በተመራማሪዎቹ በእነ ኢዶ ዴቪዴስኮ ጥናት አራት አራት ተማሪዎችና አንድ መምህር ያሉባቸው ዘጠኝ ቡድኖች ተመዘገቡ። የተማሪዎቹ አንጎል ከመምህሩ 300 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ሲከተል መናበቡ ውጤታቸውን አመለከተ። ይህ የሰከንድ ሲሶ የሚሆን ጊዜ የሰማነው ቃል ትርጉም እስኪሆንልን የሚወስደው ነው። ሁለቱን በአንዲት ቅጽበት ካስተያየናቸው ይህን አናገኘውም።

ጥያቄ፦ ዜማ ቤት ያደግሁ ነኝ። ከመሪጌታ ፊት ተቀምጠን ሐረግ በሐረግ ነበር የምንቀበለው። ይህስ ተጠንቷል?

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል። በሻንጋይ በ2018 የወጣ ጥናት መዝሙር አስተማሪንና ተማሪን ለካ። መናበቡ የታየው መዝሙሩ ሐረግ በሐረግ ሲሰጥ ነው፤ ያውም ተማሪው ራሱ በሚያዜምበት ሳይሆን አስተማሪውን እያየ በሚያዳምጥበት ጊዜ። እርስዎ ትንፋሽዎን ውጠው የመሪጌታን አፍ ያዩበት ቅጽበት ማለት ነው። በ2021 ያው ቡድን በአስተማሪውና በተማሪው ግንባር አካባቢ በሰከንድ ስድስት ጊዜ የሚመላለስ ደካማ ኤሌክትሪክ በእኩል ምት ሲያሳልፍ የዜማው አያያዝ ተሻሻለ። መናበብ የመማር ጥላ ብቻ አይደለም እንድል የሚያደፍረኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። የልጄን ትኩረት የሚለካ ራስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ልግዛ?

አይግዙ፣ እህቴ። የመንጋጋና የዐይን ጡንቻ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ከአንጎል ይበልጣል። ልጅዎ ማስቲካ ቢያኝክ ብቻ መዝገቡ ይበላሻል።