ክፍሉ ለምን ይጮኻል?

የቤት ውስጥ ዲዛይን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ስለ ቀለምና ስለ ሶፋ የሚጠይቁት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ያነሡት ፎቶግራፍ ላይ የማይታየውን ነው፤ የሚያስተጋባ ክፍል፣ የሚያዳልጥ ወለል፣ የማይወጣ ጭስ። ደስ ብሎናል። ቤት ከዓይን ይልቅ በጆሮ፣ በእግርና በአፍንጫ የሚኖርበት ጊዜ ይበዛልና።

ጥያቄ፦ መዋዕለ ሕፃናት አስተዳድራለሁ። አንዱ ክፍላችን 7 ሜትር በ5 ሜትር ሲሆን ከፍታው 2.80 ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስንና ቀለም፣ ከላይ ያለው ሶሌታ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። 25 ልጆች ሲገቡበት ጫጫታው ጆሮ ይበሳል፤ መምህራኑ እስከ ምሳ ድምፃቸው ይዘጋል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጥፉ ተብለናል። ያዋጣናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አያዋጣችሁም። የእንቁላል ካርቶን ስስ ስለሆነ የሚቀንሰው በጣም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ የንግግር ጉልበት ያለበትን መካከለኛውንና ወፍራሙን እንዳለ ይመልሰዋል። እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ሕፃናት ባሉበት ክፍል ፈጽሞ አይለጥፉት።

ልጆቹንም አይቆጧቸው። ሰው ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ሲሆን እንዲሰማ ብሎ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አንዱ ከፍ ሲያደርግ ሌላውም ይከተላል። ልስን፣ ሴራሚክና አርማታ ካረፈባቸው ድምፅ የሚውጡት ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው፤ የቀረውን ወደ ክፍሉ ይመልሱታል። ዋላስ ሳባይን የተባለው የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወጣው ቀላል ቀመር አለ፤ የክፍሉን ይዘት በ0.16 አባዝተው ድምፅ በሚውጠው ስፋት ሲያካፍሉ ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጅበትን ሴኮንድ ይሰጥዎታል። የእናንተ ክፍል ይዘት 98 ሜትር ኩብ ነው። ወለሉ፣ ሶሌታውና ግድግዳው ተደምረው 137 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ ድምፅ የሚውጠው ግን 4 ካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶው ክፍል ውስጥ አንድ ጭብጨባ ወደ 4 ሴኮንድ ገደማ ይዘገያል። ለመማሪያ ክፍል የሚመከረው ከ0.6 ሴኮንድ ያልበለጠ ነው። መምህሯ ሁለተኛውን ቃል ስትናገር የመጀመሪያው ገና አየር ላይ ነው ማለት ነው፤ ቃላትን በመለየት ላይ ላለ የ4 ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ነው።

0.6 ለመድረስ 26 ካሬ ያህል የሚውጥ ስፋት ያስፈልጋችኋል። ርካሹ መንገድ ከላይ የሚንጠለጠል ፓኔል ነው። አናጺው 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ፍሬም ይሥራ፤ 28 ያህሉ 20 ካሬ ይሸፍናሉ። ውስጡን 5 ሴንቲ ውፍረት ባለው የድንጋይ ሱፍ ወይም ፋይበርግላስ ይሙሉት። ሠራተኞቹ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ብናኙ ቆዳና ጉሮሮ ያሳክካል። ከዚያ በሁለት ድርብ አቡጀዲ ጥብቅ አድርገው ይሸፍኑት። የሚሸፍኑበት ጨርቅ ልክ መሆኑን የሚያውቁት አፍዎን አስጠግተው እፍ ሲሉበት ትንፋሹ ካለፈ ነው። ላስቲክነት ያለው ወይም በዘይት ቀለም የተቀባ ጨርቅ ድምፁን መልሶ ያነጥራል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ስፖንጅ ርካሽ ነው ብለው እንዳይተኩት፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ይገድላል።

ፓኔሉን ከሶሌታው ጋር አያጣብቁት። 5 ሴንቲ ክፍተት ሲኖረው ወፍራሙንም ድምፅ ይይዛል። አንዱ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናልና በ4 ማዕዘኑ ይታሰር። ሶሌታው በብሎኬትና በቢም የተሠራ ከሆነ ቀዳዳውን ቢሙ ላይ ብቻ ይብሱት፤ ክፍት ብሎኬት ላይ የገባ ፊሸር አንድ ቀን ይነቀላል፣ ከሥር ደግሞ ልጆች አሉ።

ከዚህ ሌላ መስኮቱን የሚሸፍን ወፍራም መጋረጃ ስፋቱን እጥፍ አድርገው ሽንሽን ያሰፉ፤ ተዘርግቶ የተወጠረ መጋረጃ ብዙም አይውጥም። ተረት የሚነገርበት ጥግ ላይ 8 ካሬ ያህል ምንጣፍ ይጨምሩ። ፓኔሉ 16፣ መጋረጃው 3፣ ምንጣፉ 2 ገደማ ይውጣሉ፤ ከነበረው 4 ጋር ስትደምሩት ዒላማው ዘንድ ትደርሳላችሁ። የወንበር እግሮችንም ወፍራም ጨርቅ አልብሷቸው። ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጦ ማልበስ የተለመደ ነው፤ ድምፁን ያጠፋል፣ ሴራሚኩን ግን ያጠቁራል።

አንድ ነገር ሳይጠይቁን እንጨምር። አራቱም ግድግዳ በሥዕል ከተሞላ ለዓይንም ጫጫታ ነው። አንዱን ግድግዳ ለሥዕል ይስጡት፤ መካከሉ ከወለል 90 ሴንቲ ገደማ ላይ ይሁን፣ የልጆቹ ዓይን ያለው እዚያ ነውና። ሦስቱ ይረፉ።

ጥያቄ፦ የእንግዳ መታጠቢያ ቤታችን በሳምንት ሁለት ጊዜ ተወልውሎም የፍሳሽ ሽታ አለው። ጥሩ መዓዛ የሚሰጥ ምን እናስቀምጥ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ምንም አያስቀምጡ፤ ሽታው መልእክት ነው። ወለሉ ላይ ካለው ማፍሰሻ ሥር ሲፎን አለ፤ በውስጡ የሚቆመው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ የቱቦውን አየር ያግዳል። ክፍሉ ብዙ ካልተጠቀሙበት ውሃው ይተናል፣ መንገዱም ይከፈታል። አንድ ሊትር ውሃ ቀስ አድርገው ያፍስሱ፤ ከላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ቢያክሉ ትነቱን ያዘገየዋል። በማግሥቱ ተመልሶ ከሸተተ ወይ ሲፎኑ ሲሠራ ተዘልሏል፣ ወይ የአየር ማስወጫው ቱቦ ተዘግቷል፤ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ የዓይን ሞራ ተነሥቶላታል፣ ግን አሁንም በደንብ አታይም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብረን ነው የምንኖረው። በቅርቡ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወደቀች። አምፖሉን በትልቅ ቀየርኩት፤ እሷ ግን ይባስ ዓይኔን ወጋኝ አለችኝ። (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። እናትዎ ያሉት ትክክል ነው። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያስገባው ሲሶ ገደማ ነውና ብርሃን ይፈልጋል፤ ያው ዓይን ደግሞ ነጸብራቅን መቋቋም ያቅተዋል። አንድ ጠንካራ አምፖል በነጭ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ ሲያርፍ ክፍሉ በሙሉ መስተዋት ይሆናል። አንዱን በሁለት ወይም በሦስት ደከም ያሉ፣ ብርጭቋቸው ወተት መሰል በሆኑ መብራቶች ይተኩት፤ አንዱ ከመስተዋቱ በላይ፣ አንዱ ከመጸዳጃው በላይ።

ለሌሊቱ ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ከወለል 30 ሴንቲ ከፍታ ላይ 1 ወይም 2 ዋት ቢጫ መብራት ያስቀምጡ። በቻርጅ የሚሠራና እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ ቢሆን ይመረጣል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው ሰው የሚወድቀው። ነጭ መብራት ለሌሊት አይሁን፣ እንቅልፋቸውን ይሰብራል።

ቀጥሎ ቀለሙን እንይ። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ መጸዳጃ፣ ነጭ መታጠቢያ ሳህን ካለ ለደከመ ዓይን ሁሉም አንድ ጉም ነው። የመጸዳጃውን መቀመጫ ክዳን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ያድርጉት፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከኮሪደሩ ጥቂት ሴንቲ ዝቅ ይል እንደሆነ ደረጃው ጫፍ ላይ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው ቢጫ መስመር ይቀቡ። ነጣ ባለ ወለል ላይ ጥቁር ምንጣፍ ግን አይጣሉ፤ ጉድጓድ መስሎ ይታያቸውና ሊዘሉት ሲሉ ይወድቃሉ።

አሁን ወደ መያዣው ብረት። ፎጣ መስቀያ መያዣ አይደለም፤ የሰው ክብደት አይችልም። ጥሩው የ1 ኢንች የውሃ ቱቦ ነው፤ የውጭ ውፍረቱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለመዳፍ ልክ ነው፣ የግማሽ ኢንቹ ግን ይቀጥናል። ከመጸዳጃው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ 1 ሜትር ያህል ርዝመት ይኑረው፤ ከወለል ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ከፍታ ላይ ይሁን። ከግድግዳው የሚርቀው 38 ሚሊ ነው። ከዚያ ከጠበበ ጣት አያስገባም፤ ከሰፋ ደግሞ የሚወድቅ ሰው ክንዱ ሊገባና ሊሰበር ይችላል። ጠቆር ያለ ቀለም ያስቀቡት፣ ነጩ ሴራሚክ ላይ ጎልቶ እንዲታይ።

አስጊው አሰቃቀሉ ነው። የውስጥ ግድግዳው ክፍት ብሎኬት ነው፤ ፊሸሩ የሚይዘው ስሷን የብሎኬት ገጽ ብቻ ስለሆነ ሰው ሲደገፍበት ከነሴራሚኩ ይወጣል። ሁለት መፍትሔ አለ። ግድግዳውን አብስተው በ10 ሚሊ ቡሎን ከጀርባው በ10 በ10 ሴንቲ፣ 4 ሚሊ ውፍረት ባለው ላሜራ ማሰር ነው አንዱ። ከጀርባው የጎረቤት ቤት ከሆነ ደግሞ ብሎኬቱ ተከፍቶ ክፍተቱ በአርማታ ይሞላ፤ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ይደር፣ ከዚያ በኋላ ይበሳ። እናትዎ ከመያዛቸው በፊት ከቤቱ ከባዱ ሰው በሙሉ ክብደቱ ይንጠልጠልበት። የሚፈለገው 113 ኪሎ መቻሉ ነው።

መጸዳጃው ዝቅ ያለ ከሆነ ከወለል እስከ መቀመጫው ከ43 እስከ 48 ሴንቲ እንዲሆን ከፍ ማድረጊያ ይጨምሩበት፤ ጉልበት ከዚያ በታች ሲወርድ ለመነሣት ይቸገራል። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ጣታቸው ያንብብላቸው፤ በጨው ዕቃው ላይ አንድ ላስቲክ፣ በስኳሩ ላይ ሁለት ያጥልቁ። ዕቃዎቹን ቦታ አይለዋውጡባቸው። የእጅ ትዝታ ከዓይን በኋላም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። ሳሎን ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። ክፍል ልናዘጋጅለት እንፈልጋለን። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቀለምና መጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ጻፉ። ባለቀሰ ቁጥር ሰዓቱን፣ የበራውን መብራት፣ የሚሰማውን ድምፅ፣ የሸተተውን ነገር አስፍሩ። ኦቲዝም ያለበት አንዱ ልጅ የሚሸሸውን ሌላው ይፈልገዋልና ከሌላ ቤት የተቀዳ ክፍል ላይስማማው ይችላል።

በመጀመሪያ የምንጠረጥረው መብራቱን ነው። ኤሌክትሪካችን በሴኮንድ 50 ዙር ስለሚመጣ ባለ ስታርተሩ ፍሎረሰንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ባላስቱም ያለማቋረጥ እዝ ይላል። እናንተ ለምዳችሁት አትሰሙትም፣ እሱ ይሰማዋል። ርካሽ ኤልኢዲም ይርገበገባል። የስልክ ካሜራ ከፍታችሁ ወደ አምፖሉ አስጠጉት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተንቀሳቀሱ አምፖሉን ለውጡት።

ለማረፊያው ሙሉ ክፍል አያስፈልግም። 1.20 በ1.20 የሆነ ጥግ፣ ከላይ በጨርቅ ዝቅ ያለ፣ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ይበቃል። ወለሉ ለስላሳ፣ ጨርቁ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን፤ ጭረትና አበባ አይኑረው። መታቀፍ የሚወድ ልጅ ከሆነ ድርብ ጋቢ ስጡት፤ ራሱን እንዳይሸፍን፣ ሲፈልግም ራሱ ሊጥለው የሚችል ይሁን። በሩ ሥር የ1 ሴንቲ ክፍተት ካለ 80 ሴንቲ ስፋት ባለው በር ላይ የመዳፍ ያህል ቀዳዳ ነው፤ የወጥ ቤቱ ድምፅ የሚገባው በዚያ ስለሆነ በጎማ ዝጉት። ጥጉ የቅጣት ቦታ እንዳይሆን አደራ። አንድ ጊዜ ተቆጥታችሁ ከላካችሁት ሁለተኛ አይገባበትም።

ጥያቄ፦ አፓርታማችን ውስጥ ቡና ሳፈላ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል። ባለቤቴ ከሰል አስገብተን ማንቂያውን በፕላስቲክ እንሸፍነው ይላል። የቤታችንን ጠረን ማጣት አልፈልግም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከሰል ቤት ውስጥ አይግባ፣ ማንቂያውም አይሸፈን። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ መስኮቱ ለቅዝቃዜ በተዘጋ አፓርታማ ሰው እንደተኛ ይቀራል። መኝታ ቤቱ አጠገብ የዚህ ጋዝ ማንቂያም ይኑርዎት።

ጠረኑን ግን ማስቀረት ይቻላል። ዕጣን የሚከነክነው ፍም ላይ ሲቃጠል ነው፤ በዝቅተኛ ሙቀት በሚሠራ የኤሌክትሪክ ማጤሻ የአተር ፍሬ ያህል ሲያስቀምጡ ጭሱ ይቀንሳል፣ መዓዛው ይቀራል። ቡናውን ከ60 እስከ 80 ግራም በአንድ ጊዜ ምድጃው ላይ ይቁሉ፤ አየር መሳቢያው ግን ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሆኑን ይፈትሹ። ሲበራ ከፊቱ ነፋስ ፊትዎ ላይ ካነፈሰ ጭሱን አዙሮ ለእርስዎ ነው የሚመልሰው። ያን ጊዜ አንድ መስኮት ላይ ማራገቢያ ወደ ውጭ አዙረው ይትከሉ፤ በተቃራኒው በኩል ያለውን መስኮት አንድ ጣት ያህል ይክፈቱ። ቁም ሣጥኑ ይዘጋ፣ ጨርቅ ሽታውን ይዞ ይቀራልና።

የሚጎዘጎዘውን ሣር ከግቢ ካጨዱ ፀረ አረም ያልተረጨበት መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ። መብራቱ 2700 ኬልቪን፣ ማለትም ቢጫማው፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ይሁን። ለሽማግሌ እንግዳ ከበርጩማ ይልቅ 45 ሴንቲ ከፍታ ያለው ወንበር ያቅርቡ፤ ወንበሩንም አየር በሚገባበት መስኮትና በማጤሻው መካከል ያድርጉት፣ ጭሱ ከእሳቸው እየራቀ እንዲሄድ።