እናቶቻችንን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የማስተማር ሥራ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ድርጅት የአይቲ ድጋፍ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ከወላጆቼ ጋር ነው፤ ደመወዜ ከትራንስፖርትና ከምሳ ብዙም አይተርፍም። በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ከቅዳሴ በኋላ እናቶችና አባቶች ስልካቸውን ይዘው ይከቡኛል። አንዲት እናት “ይሄ ኤአይ የሚሉት የአውሬው ነው ወይ?” ይሉኛል። ሌላዋ ስለ ደም ግፊት መድኃኒታቸው እሱን ይጠይቁታል። አንድ አባት ደግሞ የሚወዷቸው ሰባኪ ያላሉትን ሲናገሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አምነው ለዘመድ ሁሉ ልከዋል። እነዚህን ሰዎች ማስተማር ሥራዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ግን “በአማርኛ መንፈሳዊ ምክር የሚሰጥ ቻትቦት፣ ማለትም ሲጽፉለት እንደ ሰው የሚመልስ ፕሮግራም፣ እንሥራ፤ ውጭ አገር ያለ ሰው ገንዘብ ሊያወጣ ተስማምቷል” ይላል። አባቴ የባንክ ፈተና ተፈተኚ ይለኛል። እናቴ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ገንዘብ መቀበል ነውር ነው ትላለች። ማስተርስ ያስፈልገኝ ይሆን? እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቻትቦቱ ልጀምር። ከደብዳቤሽ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። አትግቢበት።

አሜሪካ ውስጥ ካቶሊክ አንሰርስ የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 “አባ ጀስቲን” ብሎ የሰየመውን በኤአይ የሚሠራ ካህን አወጣ። የካህን ልብስ ለብሶ በስክሪን ላይ ስለ እምነት ይመልሳል። ሰዎች ሲፈትኑት እውነተኛ ካህን ነኝ አለ። ኑዛዜ ሰምቶ ኃጢአት እስከ መፍታት ደረሰ። ቁጣው ስለበረታ ድርጅቱ በቀናት ውስጥ የክህነት ማዕረጉን ገፎ ተራ “ጀስቲን” አደረገው።

እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ሃይማኖታቸውን የሚያውቁ፣ ገንዘብና ባለሙያ ያላቸው ነበሩ። ሥራቸውም በእንግሊዝኛ ነው። እናንተ ደግሞ በአማርኛ ልትሠሩ ነው። የአማርኛ ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ የእንግሊዝኛው 7 ሚሊዮን ገደማ። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። ያላነበበውን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ አላውቅም አይልም፤ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይሞላዋል። ያውም በለሰለሰ አማርኛ። አንዲት የ70 ዓመት እናት ይህን ሲሰሙ የተማረ ሰው የሚያናግራቸው ይመስላቸዋል።

ሌላም አለ። ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር እዚያው ይቀራል። ለቻትቦት የተነገረ ነገር በኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ቻትጂፒቲን የሠራው የኦፕን ኤአይ ኃላፊ ሳም አልትማን ራሱ በ2025 ይህን ተናግሯል፤ ሰዎች ለቻትጂፒቲ የሚያወሩት ምስጢር ለሐኪም ወይም ለጠበቃ የሚነገረው ያለው ዓይነት የሕግ ከለላ የለውም። ልጃቸውን የቀበሩ እናት ሌሊት ተነስተው የልባቸውን የሚናገሩት ለዚህ ማሽን ነው እንግዲህ። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰውዬ በምትኩ ምን እንደሚፈልግ ጠይቃችሁታል? ያ ሁሉ ንግግር የማን ንብረት ሊሆን ነው? ለዚህ መልስ ከሌላችሁ የገንዘቡ መጠን ለውጥ አያመጣም።

ማስተማሩ ግን ሥራ ነው፤ ትልቅ ሥራ። እኔ ወደ ምክር ሙያ የመጣሁት ከማታ ትምህርት ቤት ነው። ቀኑን ጉሊት ውለው፣ ዘበኝነት አድረው የሚመጡ ሰዎችን ፊደል አስቆጥር ነበር። ጎልማሳን ማስተማር ሕፃንን ከማስተማር ይለያል። ጎልማሳ የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ፤ ያንን ካላከበርሽለት በሁለተኛው ሳምንት አታገኚውም።

ስለዚህ እነዚህ እናቶች ምንም አያውቁም ብለሽ አትነሺ። ማንን ማመን እንዳለባቸው መመርመር ካንቺም ከእኔም ይልቅ ያውቁበታል። “ማን አለው? የት ተጽፏል?” ሲባል ነው ያደጉት። “ሁሉን ፈትኑ፤ መልካሙን ያዙ” የሚለውን በቃላቸው ይሉልሻል። የጎደላቸው ይኸው ጥያቄ ለስልክም እንደሚሠራ የሚያሳያቸው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት እነሱ አዋቂ በሆኑበት ነገር ይሁን። መጽሐፈ መቃብያንን ጠይቁት በያቸው። የእኛ መቃብያን ከግሪኩ የተለየ ታሪክ ነው። ማሽኑ ያነበበው በአብዛኛው ስለ ግሪኩ ስለሆነ የማምታታት ዕድሉ ሰፊ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካህን ካለ የመጪውን ዓመት የነነዌ ጾም መግቢያ አስልቶ ከማሽኑ መልስ ጋር ያስተያየው። የዕለቱን ስንክሳር አስጠይቂያቸው። አንዳንዱን አሳምሮ ይመልሳል። አንዳንዱን በሙሉ ልብ ይሳሳታል። ችግሩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ መናገሩ ነው፤ ሲሳሳት አይንተባተብም። አንድ አባት “ይሄማ ዋሸ!” ያሉ ቀን ነገሩ ገብቷቸዋል። ያኔ “እርስዎ በሚያውቁት ነገር እንዲህ ከተሳሳተ፣ በማያውቁት መድኃኒትስ?” ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን ራሳቸው ይሰጡሻል። መድኃኒት ለማቆምና መጠኑን ለመቀየር ሐኪም ጋ መሄድ፤ ሐኪሙን የሚጠይቁትን ጥያቄ ለማዘጋጀት ግን ኤአይ ቢጠቀሙ ምንም አይደለም።

“የአውሬው ነው ወይ?” ያሉሽን እናት እንዳትስቂባቸው። ከጥያቄያቸው ውስጥ ጥሩ ነገር አለ፤ ከዚህ ነገር በስተጀርባ ማን እንዳለ ማወቅ ነው የፈለጉት። የምታውቂውን ንገሪያቸው። ሰዎች ናቸው የሠሩት፤ ኩባንያዎች ናቸው የሚያስተዳድሩት፤ ገንዘብ ያገኙበታል። የራእይ ዮሐንስ ትርጓሜ ግን ያንቺ ሥራ አይደለም። ለዚያ መምህሩን ወይም የንስሐ አባታቸውን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጪ። አንቺ ስለ ማሽኑ፣ እሳቸው ስለ እምነቱ ይናገሩ። ይህን ድንበር ከመጀመሪያው ካበጀሽ ከደብሩም ጋር አትጋጪም።

ስለ ቪዲዮውና ስለ ድምፁ አጥብቀሽ አስተምሪ፤ ንብረት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። በጥር 2023 ማይክሮሶፍት ያስተዋወቀው ቫሊ የሚባል የኤአይ ሞዴል የ3 ሰከንድ ድምፅ ሰምቶ የሰውን አነጋገር ያስመስላል ተብሏል። የ3 ሰከንድ ድምፅ ደግሞ በየቲክቶኩ አለ። ዱባይ ወይም ቤይሩት ያለች ልጃቸው በማይታወቅ ቁጥር ደውላ እያለቀሰች ብር ብትጠይቅ ስልኩን ዘግተው በሚያውቁት ቁጥሯ ይደውሉ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ለማንም፣ በማንም ድምፅ ቢጠየቅ አይሰጥም። ሰባኪው አዲስ ነገር ተናገሩ ሲባልም ከማጋራት በፊት በደብሩ ወይም በሚያውቁት ገጻቸው ላይ መኖሩን ማየት ነው። በመጋቢት 2023 የሮማው ጳጳስ ፍራንቸስኮስ ነጭ ጃኬት ለብሰው የሚያሳየው ፎቶ ስንቱን የተማረ ሰው አሞኝቷል። ይህንን ፎቶ አሳዪያቸው፤ የተሸወዱት እነሱ ብቻ እንዳልሆኑ ሲያዩ ሐፍረቱ ይቀላቸዋል። ያፈረ ሰው አይጠይቅም፤ የማይጠይቅ ሰው ደግሞ ዳግም ይታለላል።

ብቻ እያስፈራራሽ አትጨርሺ። አሜሪካ ያደገ የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ የጻፈላቸውን መልእክት ማሽኑ ወደ አማርኛ መልሶላቸው ሲሰሙ የሚሰማቸውን ደስታ አንቺው ታይዋለሽ።

አሁን ወደ ቤትሽ ልምጣ። እናትሽ ነውር ነው ያሉትን አልቀበልም። ቤተ ክርስቲያኑን የሚሥለው ሠዓሊ ይከፈለዋል። የደብሩ ሒሳብ ሠራተኛም ደመወዝ አለው። ችሎታሽን በነጻ እየሰጠሽ በትራንስፖርት ገንዘብ የምትጨነቂ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ትተይዋለሽ፤ ያኔ እናቶቹ ማንም አይኖራቸውም። ክፍያውን ግን ከእነሱ ኪስ አትጠብቂ። በጡረታ የሚኖሩ ናቸው። የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። ውጭ ያሉ ልጆቻቸው አንዱ ናቸው፤ እናታቸው ስትታለል የሚጎዱት እነሱ ናቸውና። ደንበኞቹ በሐሰተኛ ጥሪ ገንዘብ የሚያጡበት ባንክ ሌላው ነው። እንደ ሄልፕኤጅ ኢንተርናሽናል ያሉ በአረጋውያን ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችም አሉ።

አባትሽ ባንክ ሲሉ እርግጠኛ ደመወዝ ማለታቸው ነው። አልፈርድባቸውም። ፈተናውን ተፈተኚ። ብታልፊ ግን ዝም ብለሽ መስኮት ላይ አትቀመጪ፤ የዲጂታል ባንክ ወይም የደንበኞች ትምህርት ክፍል ጠይቂ። ካላለፍሽ አሁን ባለሽበት ቆይተሽ ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሪ። ሥራሽን ለቀሽ ግን እንዳትጀምሪ።

ማስተርሱ ይቆይ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነጻ ሥልጠና የኤአይ መሠረታዊ ኮርስ አለው፤ እሱን ጨርሺ። እንግሊዝኛሽ ሲያስፈልግ ይሻሻላል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግሽ ጥሩ አማርኛና ትዕግሥት ነው።

የት ልጀምር ካልሽ፣ ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ጠይቂና አሥር ሰው በማይሞላ ክፍል ጀምሪ። ቀጥሎ ወደ ሰፈርሽ እድር ሂጂ። እዚያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። ሐዲሱ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግር) በማን በኩል እንደመጣ መጠየቅ የለመዱ የሙስሊም አባቶች ይህ ትምህርት ቶሎ ይገባቸዋል። ጡረታ የወጣ መምህር ፈልገሽ ከጎንሽ አስቀምጪ። ዛሬ 65 እና 70 ዓመት የሞላቸው ብዙዎች በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ያስተማሩ ወይም የተማሩ ናቸው። ትልቅ ሰው ፊደል ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ያንቺ ፍጥነት ሲበዛባቸው እነሱ ያዘገዩሻል። የምታስተምሪውንም ጻፊው። ምን ጠየቁ፣ የቱ ላይ ተቸገሩ፣ ምን ገባቸው። ባንክ ወይም ድርጅት ፊት ስትቀርቢ የምታሳዪው ይህንን ነው።

ለጓደኛሽ ደግሞ እምቢታሽን ከነምክንያቱ ንገሪው። ጎበዝ ፕሮግራመር ከሆነ ሌላ የሚሠራው ነገር አለ። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች የደረሳቸውን የጽሑፍ መልእክት በጥሩ አማርኛ የሚያነብ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ የሚስጥር ቁጥር ሲጠየቁ “ቆይ፣ ልጅዎን ይጠይቁ” የሚል መተግበሪያ ይሥራ። እሱን ከሠራ አምጥታችሁ አሳዩኝ፤ ማንን ማነጋገር እንዳለባችሁ እጠቁማችኋለሁ።