አባትየው የጠየቀው ጥያቄ መልስ አገኘ ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ «ኢንቪንሲብል» የሚባለውን ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ በሦስት ወፋፍራም ጥራዝ ይዛልኝ መጣች። ሲደመር 144 እትም ነው። አራት ወር ፈጀብኝ። የመጨረሻዎቹን ገጾች መብራት ጠፍቶ፣ ውጭ ዝናቡ እየወረደ፣ በስልኬ መብራት ጨረስኳቸው። አለቀስኩ። ግን ደስ አላለኝም። ታናሽ እህቴ «አባቱን ከገደሉት በኋላ ምኑ ይነበባል? ተበላሽቷል» ትላለች። የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ «አምስት መቶ ዓመት በአንድ እትም? አጣድፎ ተገላገለው» ይላል። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። እንዲህ የረዘመ የሱፐርሂሮ ታሪክ በደንብ አለቀ ወይም ተበላሸ የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? እርስዎ ይፍረዱን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አለቀስኩ፣ ግን ደስ አላለኝም» ያልካት ላይ ስደርስ ሁለቴም ቆም አልኩ። የምመልስልህም ስለ እሷ ነው።

ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሚታየው አኒሜሽን የምትከታተሉና ገና ያልጨረሳችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ገጽ እለፉት። መጨረሻውን እናገራለሁ። ሳልናገር ልፈርድ አልችልም።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራቸው። ማርክ ግሬይሰን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። አባቱ ኖላን ምድርን የሚጠብቅ ጀግና ነው ተብሎ ይታወቃል። ልጁም የአባቱ ኃይል ይወጣለትና መብረር ይጀምራል። ቆይቶ ጉዱ ይፈላል። አባትየው የመጣው ቪልትረም ከሚባል ዓለም ነው፤ የመጣውም ምድርን ሊጠብቅ ሳይሆን ለዚያ ግዛት ሊያስገብራት ነው። ልጁ እምቢ ይላል። አባት ልጁን ደም በደም እስኪሆን ይደበድበዋል። በዚያ መሐል አንድ ነገር ይጠይቀዋል። የቪልትረም ሰው ዕድሜው እጅግ ረጅም ነው፤ እነዚህ የምትሟገትላቸው ሰዎች ሁሉ አልቀው፣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ምን ይቀርሃል? ልጁ ጥርሱ ረግፎ፣ መናገር እያቃተው ይመልሳል፦ አንተ ትቀርልኛለህ፣ አባዬ።

አባትየው እጁን ያወርዳል። ከዚያ ምድርን ጥሎ ይበራል።

ይህን ቦታ ያነበብኩት ፈረንጅ አራዳ ባለችው የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ ታብሌቱን ትቶልኝ ሄዶ ነበር። አንዲት ልጅ ማመልከቻ ልታስኮፒ መጥታ ቆማለች። ሦስት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማኋትም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በልጅነቴ እዚሁ ጅማ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ። ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ በገመድ ላይ እንደ ልብስ የተሰጡ መጻሕፍት። ሳንቲማችንን ከፍለን ወስደን በማግስቱ እንመልሳለን። እጅ ለእጅ የዞረ መጽሐፍ የፊቱና የኋላው ቅጠል ብዙ ጊዜ ይገነጠላል። አንዱ ልብ ወለድ የመጨረሻ ቅጠሉ አልነበረም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አዌቱ ዳር ተቀምጠን ስንት ቀን ተከራከርን መሰለህ። አንዳችን ጀግናው ሞቷል፣ አንዳችን ጠላቱን ገድሏል፣ እኔ አግብቷል ብዬ ድርቅ አልኩ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ሙሉውን መጽሐፍ አገኘሁት። እየተንቀጠቀጥኩ የመጨረሻዋን ቅጠል ገለጥኳት። ምንም የለም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከእናቱ ጋር መሶብ ዙሪያ ይቀመጣል። በቃ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ይህን ለመስማት ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት? ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መጽሐፉን ከፊቱ ጀመርኩት። አንደኛው ገጽ ላይ እናቱ ምሳ አቅርባ፣ ሰውየው ሳይበላ ተቆጥቶ ወጥቶ ነበር። ረስቼው ነበር። ለካ መጽሐፉ በሙሉ ያልተበላ ምሳ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ረጅም ነገር ጨርሼ ልቤ ሲጎረብጠው ቶሎ አልፈርድም። አንድ ቀን አሳድራለሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ክፍል መልሼ አነባለሁ። አያቶቻችን ተረት ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉ የለ? ተረት ከተነሣበት ቦታ መመለስ አለበት።

ኢንቪንሲብልን በዚህ ብትለካው ምን ታገኛለህ? አባትየው ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ምን ይቀርሃል ብሎ ጠየቀ። የመጨረሻው እትም፣ ቁጥር 144፣ በትክክል አምስት መቶ ዓመት ወደፊት ይሄዳል። ጓደኛህ «አጣድፎ ተገላገለው» ያለው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ደራሲው ሮበርት ኪርክማን የአባትየውን ጥያቄ ይዞ ዓመታት ቆይቶ መልስ ለመስጠት ተመለሰ። ኮሚኩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ያለቀው በ2018። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያን ያህል ጊዜ ሳይጠፋበት መያዙ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ ጓደኛህ አንድ ነገር አላየም። ስንብቱ አንድ እትም አይደለም። ከቁጥር 133 ጀምሮ እስከ 144 ያሉት አሥራ ሁለቱ እትሞች በሙሉ የመጨረሻው ታሪክ ናቸው። በየወሩ እየጠበቀ ላነበበ ሰው ያ አንድ ዓመት ገደማ ነው። እናንተ በጥራዝ ስላነበባችሁት በሁለት ሌሊት አለቀና ጥድፊያ መሰላችሁ። ጓደኛህ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። አምስት መቶ ዓመት በአንድ እትም ሲጨመቅ፣ ዓመታት ሙሉ የለመድናቸው ሰዎች በአንዲት ሁለት ሥዕል ብቻ ታይተው ያልፋሉ። እኔም ቅር ብሎኛል። ሦስት እትም ቢጨመርለት እወድ ነበር። ግን ይህ የልክ ጉድለት ነው። ወዴት መሄድ እንዳለበት ግን ያውቅ ነበር።

ወደ እህትህ ልምጣ። በአንተ ደብዳቤ ውስጥ በጣም የነካችኝ እሷ ናት። ኖላን ይሞታል። ተለውጦ፣ ከልጁ ጋር ታርቆ፣ ከልጁ ጎን ተሰልፎ፣ ከዚያ ይሞታል። የቪልትረምንም ነገር ለማርክ አደራ ብሎ ያልፋል። እህትህ ታዲያ ምነው አታዝን? ማዘኗ ልክ ነው። ግን እስቲ እንዲህ ብላችሁ ተቀመጡና አስቡት። ልጁ «አንተ ትቀርልኛለህ» ብሎ ነበር። አምስት መቶ ዓመቱ ሲደርስ አባትየው የለም። የልጁ መልስ ከሸፈ ማለት ነው። ያ ጥርሱ የረገፈው ልጅ በሙሉ ልቡ የተናገራት መልስ ሳትፈጸም ቀረች።

ታዲያ ምን ቀረለት? ሚስቱ ኢቭ አለች። ሴት ልጁ አለች። አባቱ ምድርን ሊያስገብርለት የመጣው ያ ግዛት በማርክ እጅ ገብቶ ሌላ ነገር ሆኗል፤ ሲያጠፋ የኖረው ሕዝብ ሲጠብቅ ይታያል። አባትየው ራሱ የለም፤ ከአባቱ የተረከበው ግን አለ።

አንተም ያለቀስከውና ደስ ያላለህ እዚህ ጋ ይመስለኛል። አንተ እስከ መጨረሻው የልጁን መልስ ይዘህ ነበር። እኔም ይዤው ነበር። ደራሲው ከእጃችን ወሰደውና ሌላ መልስ ሰጠን። የሚያም መልስ ነው፤ ግን ለዚያው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የተበላሸ መጨረሻ የምለው ጥያቄውን ረስቶ በሌላ ነገር የሚያባብለኝን ነው። ወይም አባትየውን በሆነ ተአምር አስነሥቶ ልቤን ሊገዛ የሚሞክረውን። በሱፐርሂሮ ዓለም ደግሞ ሙት ማስነሣት የተለመደ ነው። እዚህ አልተደረገም። ስለዚህ ፍርዴን ጠይቀኸኛልና እነሆ፦ በደንብ አልቋል።

አሁን ስለ ሌሎቹ። «እንዲህ የረዘመ የሱፐርሂሮ ታሪክ» ብለህ በጅምላ ስለጠየቅክ አንድ ነገር ሳልነግርህ ባልፍ ደስ አይለኝም። ኢንቪንሲብል ማለቅ የቻለው ደራሲውና ሰዓሊዎቹ የራሳቸው ቤት ውስጥ ስለሠሩት ነው። ታሪኩ የእነሱ ነው። አብዛኞቹ የምታውቃቸው ጀግኖች ግን የኩባንያ ናቸው። ስፓይደርማን ከ1962 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም አላለቀም። እዚያ ቤት የሚያልቀው የጀግናው ታሪክ አይደለም። የአንዱ ደራሲ ተራ ነው የሚያልቀው። ደራሲው ተከራይ ነው። ግድግዳ ማፍረስ አይችልም፤ ሲወጣ ቁልፍ ያስረክባል።

ክሪስ ክሌርሞንትን ውሰድ። ኤክስ ሜን የሚባለውን የጀግኖች ቡድን ታሪክ ከ1975 እስከ 1991 ጻፈ። አሥራ ስድስት ዓመት! ዛሬ የምናውቀውን ኤክስ ሜን አብዛኛውን የሠራው እሱ ነው። በ1991 አዲስ የኤክስ ሜን መጽሔት ተጀመረ፤ የመጀመሪያው እትም ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ክሌርሞንት ግን ታሪኩ ወዴት ይሂድ በሚለው ከአዘጋጆቹ ጋር አልተስማማም ነበር። ሦስተኛው እትም ላይ ወጣ። በሚቀጥለው ወር ሌሎች ቀጠሉበት። ያንን «መጨረሻ» አንብበህ «ምነው ተንጠለጠለ?» ብትል እውነትህን ነው። ጥፋቱን ግን በብዕሩ ላይ አትጣል። ሰውየው ዕቃውን ሳይሰበስብ ነው የወጣው። የዚያው መጽሔት ሰዓሊ ጂም ሊ በማግስቱ ዓመት፣ በ1992፣ ከሌሎች ሰዓሊዎች ጋር ሆኖ ኢሜጅ የሚባለውን ማተሚያ መሠረተ፤ ሥራው የሠሪው ይሁን ብለው። ኢንቪንሲብል የታተመው እዚያ ነው። እንግዲህ አክስትህ ያመጣችልህ ሦስት ጥራዝ መጨረሻ ሊኖረው የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ተከራይም ሆኖ ግን አምሮ መውጣት ይቻላል። ፒተር ዴቪድ ሃልክ የሚባለውን ጀግና ታሪክ ከ1987 እስከ 1998 ጻፈ። እሱም ከኩባንያው ጋር ባለመስማማት ነው የወጣው። ሲወጣ ግን በመጨረሻው እትሙ፣ በቁጥር 467፣ ታሪኩን አሥር ዓመት ወደፊት ወሰደው። የሃልክ የድሮ ጓደኛ ሪክ ጆንስ ተቀምጦ፣ በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሆነ ያወራል። ደራሲው ሊጽፋቸው ያሰባቸውን ዓመታት በአንድ ሰው አንደበት አስተርኮ፣ ለሚመጣው ደራሲ ቤቱን ሳያፈርስ ተሰናበተ። ሳነበው፣ በሩ ላይ ቆሞ ዞር ብሎ ያየ ሰው መሰለኝ። በልክህ ካየኸው ከኢንቪንሲብል ጋር አይወዳደርም፤ እሱ ከነበረበት ቦታ ሆነህ ካየኸው ግን ከዚያ በላይ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ስለዚህ ከጓደኛህ ጋር ስትከራከሩ በቅድሚያ ቤቱ የማን እንደሆነ ተጠያየቁ። የግማሹ ጭቅጭቃችሁ መልስ እዚያው ይገኛል።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። የመጀመሪያውን ጥራዝ አውጣና ለእህትህ ስጣት። ሁሉንም አታንብብ። አባትና ልጅ የተጣሉበትን ቦታ ብቻ ገልጠህ ስጣት፤ ከዚያ ወዲያው 144ኛውን። ምንም አታስረዳት። ቡና እየተፈላ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዝም ለማለት ይመቻል። ከዚያ በኋላም «ተበላሽቷል» ካለች ጻፉልኝ፤ እሷ በራሷ እጅ ትጻፍልኝ። የእሷን ምክንያት መስማት በጣም እፈልጋለሁ።

ያ የመጨረሻ ቅጠሉ የተገነጠለው መጽሐፍ ምን ሆነ ብለህ እንደሆነ፣ ከአከራዩ ቤተሰብ ላይ ገዛሁት። ሙሉውን ካገኘሁት ቅጂ ላይ የመጨረሻዋን ቅጠል በእጄ ገልብጬ፣ በማጣበቂያ አያያዝኳት። ሱቄ ውስጥ ከማተሚያ ወረቀቱ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ነው። በፈለግክ ጊዜ ናና ውሰደው።