«ለዱቄት ብላ መረጠች»

ወንድሜ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ጆሃንስበርግ ሱቅ አለህ፣ ባለቤትህ ሌሶቶ ማፌቴንግ ወላጆቿ አጠገብ ልጆች ታሳድጋለች፣ አንተ በወር አንዴ ብቅ ትላለህ። አማቶችህ፣ አባባና እማማ፣ በድሮ ፖለቲካ ሲናከሱ ለፋሲካ አንተ «አባባ እውነታቸውን ነው» ስትል ባለቤትህ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች፣ ይኸው እስካሁን በቅጡ አታናግርህም። «እሷ ባልተወለደችበት ፖለቲካ ለምን ታኮርፈኛለች?» ትላለህ።

አባባ አልዋሹም። በ1970 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኮንግረስ ፓርቲ ምርጫውን ሲያሸንፍ የናሽናል ፓርቲው ጠቅላይ ሚኒስትር ሌአቡዋ ጆናታን ውጤቱን ሰርዞ ተቃዋሚዎቹን አሰረ፣ ንጉሡ ሳይቀሩ ኔዘርላንድስ ተሰደዱ። የአባባ ጀርባ ላይ ያየኸው ጠባሳም የዛን ጊዜ ነው።

ግን ለአባባ አንድ ገጽ ተኩል ጽፈህ ለእማማ አንድ መስመር፣ «ለዱቄት ብላ ናሽናል ፓርቲን መረጠች»። አባባን «እሳቸው» ስትል እማማን «እሷ» እንዳልክ አይተኸዋል? በ1965 ናሽናል ፓርቲ ከ60 ወንበር 31ዱን ሲያገኝ አባባ ደቡብ አፍሪካ፣ ዌልኮም የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ፣ እዛ ያለ ሠራተኛ ደግሞ እዛው ሆኖ መምረጥ አይችልም ነበር፣ ስለዚህ ድምፅ የሰጠው በብዛት ሴቱ ነው። ወንዶቹ «ፓርቲውን የደገፈው ቄስና የታደለው ዱቄት አታለሏቸው» ይላሉ፣ እማማ ደግሞ «ያኔ ልጆቹን ማን አበላ?» ይላሉ፣ አንተ ይቺን እንደ ማምለጫ ነው ያየሃት። ያገባች ሴት እስከ 2006 ያለ ባሏ ፈቃድ ብድር እንኳ መውሰድ በማትችልበት አገር እማማ ማንንም ሳያስፈቅዱ የወሰኑት ነገር ቢኖር ያ ድምፅ ነበር እኮ፣ እሱንም ሃምሳ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሞኝነት ነው ሲባልባቸው ኖሩ።

እና ለእኔ እንደሚመስለኝ አባባ «ድምፄን ወሰዱብኝ» ሲሉ እማማ የሚመልሱት «አልነበርክም» ነው። ባለቤትህም የሰማችው ይሄንን ነው። መጨረሻው ላይ «ትንሹ ሲታመም በሌሊት ብቻዋን ነው ሆስፒታል የወሰደችው፣ እኔ ግን ወዲያው ብር ልኬያለሁ» ብለህ በአንድ ትንፋሽ አልፈኸዋል። ታዲያ ሳህኑን ያስቀመጠችው በሌአቡዋ ተናዳ ነው?

አባባን ማክበርህን አትተው። በሚቀጥለው ስትሄድ ግን እማማ ጎን ቁጭ በልና ያንን ዘመን ጠይቃቸው፣ አትፍረድ፣ ስማ ብቻ። ባለቤትህንም ስለዛች ሌሊት ጠይቃት፣ የላክኸውን ብር ግን አታንሳ። ወዲያው ላትመልስልህ ትችላለች፣ ታገሣት። ካልተግባባችሁ ሁለታችሁም ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ደስ ይለኛል፣ በስልክ ግን አይሆንም፣ ሄደህ ነው።