የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከተረት ከፍ ያለ የእንስሳት ልቦለድ

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ በእንግሊዝኛም ጥሩ አድርጋ ታነባለች። እንስሳት የሚናገሩባቸውን ምናባዊ ታሪኮች ትወዳለች፤ ተረት ግን አልበቃት ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ያለ ማመንታት የሪቻርድ አዳምስን «ዋተርሺፕ ዳውን» እናስቀድማለን። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው ይህ ልቦለድ መነሻው ደራሲው በመኪና ጉዞ ላይ ለሁለት ሴት ልጆቹ ያወጋው ታሪክ ሲሆን፣ መኖሪያቸው ሊጠፋ መሆኑን አንዱ ትንሽ ጥንቸል አስቀድሞ ስለታየው አገር ጥለው የሚሰደዱ ጥንቸሎችን ይተርካል። በእኛ ተረት ጅብ ሁልጊዜ ሞኝ፣ ጦጣም ሁልጊዜ ብልጥ ናት፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ጥንቸል የራሱ ጠባይ አለው፤ ጥንቸሎቹ የራሳቸው ቃላትና ስለ አንድ ጥንታዊ ጀግናቸው የሚያወሩት ተረትም አላቸው። የውጊያው ክፍል ደም የበዛበት ስለሆነ አስቀድመው ቢያነቡት መልካም ነው።

ቀለል ያለ ከፈለጉ የብራያን ጄክስ «ሬድዎል» (1986) አለ፤ ገዳማቸውን ከወራሪ የሚከላከሉ አይጦች ታሪክ ነው። ደራሲው የጻፈው ሊቨርፑል ውስጥ ለሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልጆች በመሆኑ፣ የግብዣው ምግብ ሽታና ጣዕም በዝርዝር ተሥሏል፤ በጾም ወቅት ባይነበብ ይሻላል።